የአባቴ ቮልስ መሐል መንገድ ጣለችን፤ የትኛውን ዲናሞ ልግዛ?

ዘወትር በዚህ ዓምድ የምንጨዋወተው ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ጓደኛ ክህደት ነው። ዛሬ ግን አንድ ወጣት ስለ መኪና ጽፎልናል። ደብዳቤውን ስጀምር «ይሄ እንኳ ለጋራዥ ነው የሚሆነው» ብዬ ነበር። ስጨርሰው ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ለምን እንደሆነ እናንተም ታዩታላችሁ። እነሆ ደብዳቤው፦

«ለዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የ26 ዓመት ወጣት ስሆን በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ለእኔና ለእናቴ የተወልን ቤቱንና የ1965 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ቮልስዋገኑን ነው። እናቴ ኩላሊቷን ታማ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ትሄዳለች። የደረሳት ተራ የማታ ስለሆነ ቤታችን የምንገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማታ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስንንፏቀቅ የፊት መብራቱ እንደ ኩራዝ እየደበዘዘ መጣ። የዝናብ መጥረጊያው እየተጎተተ ቆመ። በመጨረሻ ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ‹ጠቅ› ብቻ! እናቴ ከእጥበት ወጥታ ብርድ ብርድ እያላት ነበር። የመንገድ ልጆች ገፍተው ዳር አወጡን። እሷ ምንም አልተቆጣችኝም፤ ነጠላዋን ተከናንባ ‹አባትህ ቢኖር ያስነሳት ነበር› ብቻ አለች። ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ይባስ ብሎ በነሐሴ ሞተሩ ነክሶ ቀረ። ባለኝ ቁጠባ ከአንድ ከቆመች ቮልስ ላይ የወረደ 1600 ሞተር ገዛሁ። ሞተሩ ደህና ነው፣ ግን ዲናሞ የለውም፤ ቀድሞ ሌላ ሰው ፈትቶ ወስዶታል። አሁን ሦስት ሰው ሦስት ነገር ይለኛል። አባቴን ያገለግሉ የነበሩት ሽማግሌ መካኒክ ‹ቮልስ በዲናሞ ነው የተሠራችው፣ 12 ቮልት ዲናሞ ግዛና እንግጠም› ይላሉ። ሶማሌ ተራ ያለ ዕቃ ሻጭ ‹ባለ 55 ኦልተርኔተር ውሰድ› ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ምን ታካብዳለህ! የቶዮታ ባለ 90 አስገጥምና ቴፑንም ስፒከሩንም ፈታ ብለህ ትነዳለህ› ይላል። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ብቻ ነው፤ ብሳሳት ሁለተኛ አልገዛም። አባቴ የድሮውን ዲናሞ ካርቦን በገዛ እጁ ነበር የሚቀይረው። እሱን አውጥቼ ሌላ ባስገባ የአባቴን መኪና ያበላሸሁት እየመሰለኝ ይጨንቀኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከኮተቤ»

መልስ፦

ወንድማችን ግራ የገባህ ሆይ፤ ደብዳቤህ ስለ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ስለ ዲናሞና ስለ አባትህ። የዲናሞውን ላስቀድም፤ ያኛውን በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ራስህን አትክሰስ። ያን ማታ መገናኛ ላይ የሆነው የአንተ አለማወቅ ብቻ አይደለም። የ1965ቷ ቮልስ 6 ቮልት ናት። ዲናሞዋ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር እንኳ የሚሰጠው 180 ዋት ገደማ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ማለትም ቆማችሁ ስትንፏቀቁ፣ ምንም አይሰጥም ማለት ይቻላል። መብራቱን፣ መጥረጊያውንና ቦቢናውን ግማሽ ሰዓት ሙሉ የቀለበው ባትሪው ብቻውን ነበር። ባትሪው ባዶ ሲሆን መኪናዋ ሞተች። አባትህ ቢኖርም በዚያ ሰዓት ሊያስነሳት የሚችለው በግፊ ነበር። ይህን ለእናትህም ንገራቸው።

አሁን ወደ ምርጫው። በእኛ ጋራዥ ሁሉም «ዲናሞ» ነው የሚባለው። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። የድሮው ዲናሞ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው በሚሽከረከረው አካሉ ውስጥ ነው። የመነጨው ኃይል በሙሉ በካርቦኖቹ በኩል ስለሚወጣ ካርቦኑ ቶሎ ያልቃል። በዝቅተኛ ፍጥነትም ሰነፍ ነው። ኦልተርኔተር የተገላቢጦሽ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው በቆመው አካል ውስጥ ሲሆን፣ በካርቦኑ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኃይል ብቻ ነው። የሚወጣውን ተለዋዋጭ ኃይል ዳዮድ የሚባሉ ዕቃዎች ወደ ባትሪ የሚሄድ ቀጥተኛ ኃይል ይለውጡታል። ጥቅሙ ለአንተ ምንድን ነው? በሚኒሞም ቢሆን ይሰጣል። ቮልስዋገን ፋብሪካ ራሱ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቮልስን ወደ ኦልተርኔተር አዛውሯታል። ስለዚህ «ቮልስ በዲናሞ ነው የተሠራችው» የሚለው የሽማግሌው ቃል ለአንተዋ መኪና እውነት ነው፤ ለቮልስ ሁሉ ግን አይደለም።

ታዲያ ስንት አምፔር? ይህ በወሬ አይወሰንም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝና ደምር። መኪናዋ 12 ቮልት ስትሆን፣ በዝናብ ማታ ስትነዳት የምትበላው ይህን ያህል ነው፦

የፊት መብራት፣ ሁለቱ ባለ 55 ዋት ሃሎጅን ከሆኑ — 110 ዋት
የኋላ፣ የጎን፣ የታርጋና የክሩስኮት መብራቶች — 30 ዋት
ቦቢና — 45 ዋት
የዝናብ መጥረጊያ — 40 ዋት
ፍሬን ስትይዝ የሚበሩት ሁለቱ — 42 ዋት
ሬዲዮና የስልክ ቻርጀር — 40 ዋት

ድምሩ 307 ዋት ነው። ይህን ለ13.5 ቮልት ስታካፍለው ወደ 23 አምፔር ይመጣል። ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ሲል 24 እና 25 ይደርሳል። በዚህ ላይ ሞተር ስታስነሳ የተቀነሰውን ባትሪ መመለስ አለ፤ ለእሱ ከ5 እስከ 10 አምፔር ያዝለት። በድምሩ ከ30 እስከ 35 አምፔር ያስፈልግሃል ማለት ነው።

እንግዲህ ሦስቱን መካሪዎችህን በዚህ ሚዛን እንመዝናቸው። የሽማግሌው መካኒክ 12 ቮልት ዲናሞ 30 አምፔር ነው፤ እሱም ሞተሩ በደንብ ሲዞር ብቻ። ቀን ቀን ለሚነዳ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚያወጣት ሰው ይበቃል፤ ርካሽም ነው። በሳምንት ሦስት ማታ በሽተኛ ይዞ ትራፊክ መሐል ለሚቆም ሰው ግን ያው የመገናኛው ታሪክ ይደገማል። ባለ 55 ኦልተርኔተር ከሚያስፈልግህ በላይ በቂ ትርፍ አለው። አንድ ዕቃ ሁልጊዜ በመጨረሻ አቅሙ ባይሠራ ዕድሜው ይረዝማልና ትርፉ ብክነት አይደለም።

የጓደኛህ ባለ 90ስ? «ብዙ ከሆነ ምን ይጎዳል?» ትለኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም በል። በዲናሞ ገላ ላይ የተጻፈው አምፔር የሚለካው ዲናሞው ራሱ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ነው። በቮልስ ላይ ሞተሩ አንዴ ሲዞር ዲናሞው የሚዞረው ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይሞላ ነው። ሞተርህ በሚኒሞ 850 ቢዞር ኦልተርኔተሩ ወደ 1,500 ገደማ ነው የሚዞረው። በዚህ ፍጥነት 55ቱም 55 አይሰጥም፤ 90ውም 90 አይሰጥም። የቶዮታው ዲናሞ የተሠራው ትንሽ ፑሌጂያ አድርጎ በጣም እንዲፈጥን ነው። ቮልስ ላይ ቀርፋፋ ይሆንብሃል። ቁጥሩ ጌጥ ይሆናል ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አይደለም። የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ነፋሱን የሚያመጣው ቬንቲላተር የታሰረው በዲናሞው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። በአንድ በኩል ቺንጊያ፣ በሌላ በኩል ቬንቲላተር። ስለዚህ የቮልስ ዲናሞ ዘንጉ በሁለቱም በኩል የወጣ መሆን አለበት። የቶዮታው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚወጣው። ጓደኛህ ያሰበው ሰው የቶዮታውን ለመግጠም ቬንቲላተሩን ያለ ነጂ ሊያስቀር ይችላል። ያኔ ሞተርህ ከኮተቤ መገናኛ ሳይደርስ ይቃጠላል።

ይህን የምነግርህ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ከራሴም ነው። በወጣትነቴ ከጓደኛዬ ጋር በቮልሱ ወደ ደብረ ዘይት ስንሄድ ቀይዋ የቻርጅ መብራት በራች። «ባትሪው አልሞላም ማለት ነው፤ ቀን ነው፣ ምን ቸገረን» ብለን ነዳን። ዱከም ላይ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። ለካ ቺንጊያው ተበጥሶ ኖሮ ቬንቲላተሩም አብሮ ቆሟል! በሌላ መኪና ላይ ቀይዋ መብራት «ባትሪህ ይደክማል» ትላለች። በቮልስ ላይ ግን «ሞተርህ ሊሞት ነው» ልትልም ትችላለች። ስትበራ ወዲያው ቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ቺንጊያውን እይ። ቺንጊያው ካለ ችግሩ የቻርጅ ነው፣ ቀስ ብለህ ቤትህ ትገባለህ። ከሌለ አንዲት ሜትር አትንዳ። ትርፍ ቺንጊያና የፑሌጂያውን ቁልፍ ከመኪናህ አታውጣ።

እንግዲህ ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ለቮልስ የተሠራውን ባለ 12 ቮልት 55 አምፔር፣ ሬጉላተሩ ከውስጡ ያለውን ኦልተርኔተር ግዛ። ነገር ግን ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት እነዚህን ልብ በል።

አንደኛ፦ የዲናሞ መቀመጫ ለኦልተርኔተር አይሆንም። ያ ዘይት የሚሞላበት አንገት ያለው መቀመጫ ለኦልተርኔተር ለብቻው የተሠራ አለ። ከቬንቲላተሩ ጋር የሚገናኘው ክብ ሽፋንም እንዲሁ። ሻጩን «ከነመቀመጫው፣ ከነሽፋኑ» በለው። ለየብቻ መልቀም ከጀመርክ ከመርካቶ አትወጣም።

ሁለተኛ፦ ኦልተርኔተሩ ብቻውን 12 ቮልት አያደርግህም። ባትሪው፣ አምፖሎቹ በሙሉ፣ ክላክሱ፣ የፍሬቻው ሪሌ፣ የመጥረጊያው ሞተር፣ ሬዲዮ ካለህ ሬዲዮው መቀየር አለባቸው። ሞተሪኖውም ጭምር! ከ1600 ሞተር ጋር የሚመጣው ቮላኖ ትልቅ ነው፤ ባለ 130 ጥርስ። የ6 ቮልቱ 109 ነበር። የድሮው ሞተሪኖ ጥርሱ አይገጥምም። የ12ቱ ሞተሪኖ ዘንግ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ በካምቢዮው ውስጥ ያለው ቡሽ አብሮ ይለወጣል። ትልቁ ቮላኖ እንዳይነካም የካምቢዮው ቤት ከውስጥ በትንሹ ይፋቃል። ይህን መካኒክህ ቀድሞ ይወቅ።

ደስ የሚለውን ልንገርህ? የአባትህ ሽቦዎች አይጣሉም። 6 ቮልት ለተመሳሳይ መብራት እጥፍ አምፔር ስለሚያሳልፍ ሽቦዎቹ ወፍራም ናቸው። ያልተላጡና ያልደረቁ ከሆኑ ለ12 ቮልት ከበቂ በላይ ናቸው። ከኦልተርኔተሩ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ዋናውን ኬብል ብቻ አዲስ አድርግ፤ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን አትጸጸትም።

ሦስተኛ፦ ከክሩስኮቱ ወደ ኦልተርኔተሩ የምትሄደው ቀጭን ሽቦ ለጌጥ አይደለችም። ኦልተርኔተሩ ለመነሳት በቀይዋ አምፖል በኩል የምትመጣ ትንሽ ኃይል ይፈልጋል። አምፖሏ ከተቃጠለች መኪናው ቻርጅ ላያደርግ ይችላል። በዚህ ዘመን ሁሉም አምፖል ኤልኢዲ እየሆነ ነው፤ ለሌላው መብራት መልካም ነው፣ ፍጆታውን ይቀንስልሃል። ቀይዋን ግን ተዋት፤ ኤልኢዲ የሚያሳልፈው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ኦልተርኔተሩን ላያስነሳው ይችላል። ስንቱ ሰው ደህና ኦልተርኔተር «ሞቷል» ብሎ የመለሰው በዚህ ምክንያት ነው!

አራተኛ፦ የሽማግሌ መካኒኮች አንድ ልማድ አለ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅለው «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ይላሉ። ለድሮው ዲናሞ ያለፈ ነገር ነው። ኦልተርኔተር ላይ ግን ዳዮዶቹን ሊያቃጥል ይችላል። ባትሪውን ገልብጦ ማሰርም እንዲሁ በአንድ አፍታ ይገድለዋል። በትሕትና «አባቴ፣ እባክዎ ይቺን አይንቀሉብኝ» በላቸው። አይቀየሙህም።

አምስተኛ፦ ያገለገለ ከሆነ የምትገዛው፣ በእጅህ አዙረው። ኩሽኔታው ከተንጫጫ ወይም ዘንጉ ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ ተወው። የተቃጠለ ሽታ ካለውም ተወው። ገላው ላይ 14 ቮልት 55 አምፔር የሚል ጽሑፍ ፈልግ። 12 ቮልት መኪና ዲናሞ ላይ 14 ተብሎ መጻፉ አያስደንግጥህ፤ ቻርጅ የሚያደርግበት ቮልት ነው። ማሽን ላይ አዙሮ ሳያሳይህ ገንዘብ አትስጥ።

ከተገጠመ በኋላ ቴስተር ተውሰህ ራስህ ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ሞተሩን አስነስተህ ጋዝ ሰጥተህ ከ13.8 እስከ 14.5 መሐል ከሆነ ደህና ነው። ከ15 ካለፈ ሬጉላተሩ ተበላሽቷል፣ ባትሪህን ይቀቅለዋል። ቀጥሎ ዋናውን ፈተና ፈትነው፦ መብራቱን፣ መጥረጊያውን አብራ፣ ፍሬኑን ያዝ፣ በሚኒሞ አቁመው። ከ13 እምብዛም ካልወረደ እናትህን ይዘህ ውጣ። ቺንጊያውንም በአውራ ጣትህ መሐሉ ላይ ጫን በለው፤ ወደ አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል መግባት አለበት። ከላላ ይንሸራተታል፣ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

አንድ ነገር እንዳትረሳ፤ ሊብሬህ ላይ የተጻፈው የአሮጌው ሞተር ቁጥር ነው። የአዲሱን ሞተር የግዢ ሰነድ ይዘህ ቁጥሩን አስለውጥ። ለቦሎ ስትሄድ «ሞተሩ ከየት መጣ?» ከመባል ይሻላል።

ቮልስ የሌላችሁ አንባብያንም አትሰልቹ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና ሞተር ቀይሮ መንዳት የብዙዎች ሐሳብ ሆኗል። ፊያት ይሁን ፔዦ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሌላ ሞተር የምታስገቡ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ ሞተሩ ይዞት የመጣውን ዲናሞ ከነማሰሪያ ብረቱና ከነፑሌጂያው አትለዩበት። ፍጆታችሁን ከላይ እንዳደረግነው ደምሩ። ከበቃችሁ ሌላ አትፈልጉ። ፑሌጂያዎቹ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን እዩ፤ ጥቂት ከተዛነፉ ቺንጊያ በየወሩ ትገዛላችሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልመለስ። የአባትህን ዲናሞ በማውጣትህ መኪናዋን ያበላሸህ መስሎሃል። እስቲ አስብ፤ አባትህ ካርቦኑን በየጊዜው በእጁ የሚቀይረው ለምን ነበር? ካርቦኑን ስለሚወድ ነው እንዴ? እናትህን መንገድ ላይ እንዳትጥል ነው እንጂ። ያለቀውን አውጥቶ ደህናውን ማስገባት የእሱ ሥራ ነበር፤ አሁን የአንተ ሆነ። ያንን አሮጌ ዲናሞ ለቁራሌው አትስጠው። ጥረገውና ቤት ውስጥ አስቀምጠው። ሽማግሌውን መካኒክም አትሽሻቸው፤ ኦልተርኔተሩን ራሳቸው እንዲገጥሙልህ ጠይቃቸው፣ አንተም አጠገባቸው ቆመህ ቁልፍ አቀብል። አባትህ የሚያውቀውን ያስተማሩት ምናልባት እሳቸው ናቸው።

እናትህንም በመጀመሪያው ማታ ከሐኪም ቤት ስትወስዳቸው ቀይዋን መብራት አሳያቸው። «እማዬ፣ ይቺ ከጠፋች ደህና ነን» በላቸው። ከጎንህ ተቀምጠው እሳቸው ይጠብቁልሃል።

ለእናትህ ምሕረቱን ያምጣላቸው። ስትነሳ ጻፍልን።

ውድ አንባብያን፤ ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።